የሳህሉ እናት ቃል

ሰው የገደለ ባል ያላት ሴት ገበያ ስትገባ መንገዱ ይሰፋላታል። ዲቦራ ይህን ያወቀችው ቲቶ በታሰረ ሳምንት፣ ሸኮ ገበያ ላይ ጎደሬዋን ዘርግታ የተቀመጠች ዕለት ነው። ግራና ቀኟ የነበሩት ሴቶች ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ ትንሽ ፈቀቅ፣ ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ክፉ የተናገራት የለም። ቦታው ብቻ ሰፋ። እሷም ምን ታድርግ፣ ጎደሬዋን በሰፊው ዘረጋችው።

ቲቶ የገደለው ሳህሉን ነው። አብረው ያደጉ፣ ቡናቸው ድንበር ለድንበር የተያያዘ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። በአንድ የለቀማ ወቅት፣ ድንበሩ ላይ የበቀለች አንዲት የቡና እግር የማን ናት ተባብለው ተጣሉ። ሳህሉ ጠጥቶ ነበር። ቲቶ አልጠጣም፤ ኋላ ዳኛውን ያስቆጣው ይኼው አለመጠጣቱ ነው። «ገጀራውን ያነሣሁት በጀርባው ነበር» ይላል ቲቶ እስከ ዛሬ። የወረደው ግን በስለቱ ነው። ሳህሉ ደጁ ሳይደርስ ሞተ። ዲቦራ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ ማራናታ የተወለደችው አባቷ ከተፈረደበት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የታሰረው ሚዛን ነበር። ያ ጊዜ አሁን ሲያስቡት ደግ ጊዜ ነው፤ እሁድ ከጸሎት መልስ ስንቅ ቋጥራ ትሄዳለች፣ ታየዋለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ ቦታው ተጣበበ ተባለና ረጅም ፍርድ ካለባቸው ጋር መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ተላከ። የቦታውን ስም ዲቦራ በሬዲዮ እንኳ ሰምታው አታውቅም። ቆላ ነው አሏት፣ ውኃው ጨው ጨው የሚል። ልጇን አዝላ፣ መኪና እየቀያየረች፣ አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር። ቲቶ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ልጁን አየና «አፍንጫዋ የእናቴ ነው» አለ። ሌላ ነገር ሳይጨምር ሰዓት አለቀ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ሆነ፤ እሱ ሲደውል።

አንድ እሁድ ደውሎ «እዚህ ሰዎች በይቅርታ እየወጡ ነው» አላት። «ለአዲስ ዓመት ስም ይጠራል። ሚስት ማመልከት ትችላለች አሉ። ሚዛን ሂጂና አጽፊልኝ።»

በማግሥቱ ሄደች። ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ሸራ ወጥሮ አሮጌ ኮምፒውተር የዘረጋ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፤ ሙሐመድኑር ይባላል። ሰውየው ሰውን የሚያየው በመነጽሩ በላይ፣ ወረቀትን በመነጽሩ በታች ነው። ዲቦራን በላይ በኩል አያት።

«ባልሽ ምን አደረገ?»

«ሰው ገደለ።»

«አምኗል?»

«አምኗል።»

«እሰይ። ያላመነውን ምኑን ይቅር ይሉታል?» ጣቶቹን አፍታታና መጻፍ ጀመረ። «አመልካች በፈጸሙት ወንጀል ከልብ ተጸጽተው…»

«በየቀኑ ያለቅሳል ብለህ ጻፍልኝ ወንድሜ።»

«እንባ አልጽፍም እኅቴ። እንባ ሁሉም ያጽፋል። አንባቢዎቹ እንባ ሲያዩ ገጹን ይገለብጡታል።» ትከሻውን አሳከከ። «ይልቅ ዕርቅ አለ? የሟች እናት በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲህ ሥራሽ እሱ ነው። በሽማግሌ ፊት ‹ይቅር ብያለሁ› ብላ ጣቷን ታሳርፍ፣ ቀበሌው ማኅተም ይምታበት። ያኔ ይቺ ወረቀት እግር ታወጣለች። ያለዚያም እጽፍልሻለሁ፣ ግን ከታች ነው የምትተኛው፣ በላይዋ ላይ የዓለም ወረቀት ተጭኖባት። ክረምቱ ሳይጋመስ አምጪልኝ።»

ዲቦራ ወደ ሸኮ ስትመለስ መኪና ውስጥ ፈገግ ብላ ነበር። ነገሩ ወደ አንድ ነገር ተሰብስቦላታል፤ አንዲት ሴት፣ አንድ ቃል።

የሳህሉ እናት የዓለምዘርፍ ትባላለች። ባሏ ቀደም ብሎ የሞተባት፣ ሳህሉን ብቻ የወለደች፣ ሳህሉም ሳያገባ ሳይወልድ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ደጅ ከእንጨት በተጠረበች መቀመጫ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ዲቦራ በዚያ ስታልፍ አትሰድባትም፤ እስክትሰወር ድረስ ብቻ ታያታለች። ስድቡ ይሻል ነበር።

አቶ ዓባይነህ የሰፈሩ የሽማግሌ አለቃ ናቸው። ዲቦራ ብትለምናቸው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ የዓለምዘርፍ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ሄዱ። በመጨረሻ ዲቦራን አስጠሯት።

«እንዲህ አለች ልጄ። ‹ይቅርታ በባዶ እጅ አይመጣም። ሳህሌ የሚለቅመውን ቡና ማን ይለቅምልኛል? የገዳዩ ሚስት ትልቀም። ከዚያ እናያለን።›»

«እናያለን ምን ማለት ነው አባባ?»

«እናያለን ማለት እሺ ማለት ነው እንጂ። እልኸኛ ሴት እሺን እንዲያ ነው የምትላት» አሉ አቶ ዓባይነህ፣ በራሳቸው ዕውቀት ደስ ብሏቸው።

ዲቦራ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች።

አንድ ነገር ነበር የምትጠነቀቀው። በዚያ አገር ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች፣ ደሙ በሽማግሌ እስኪለይ ድረስ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፣ ከአንድ ቅል አይጠጡም፣ እሳት እንኳ አይጫጫሩም። ዲቦራ የጸሎት ቤት ልጅ ስለሆነች በልቧ ነገሩን ብዙም አታምንበትም፤ ቢሆንም ለቲቶ ስትል ትጠነቀቃለች። የተቀቀለ ጎደሬዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትመጣለች፣ ከቡናው ሥር ትበላለች፣ ከወንዝ ትጠጣለች። የዓለምዘርፍም አንድ ቀን ውኃ ጠጪ ብላት አታውቅም።

የምትላት ሌላ ነው። ቅርጫቱን ታስገለብጣታለች፣ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች በዱላዋ ጫፍ ቀዩን ከአረንጓዴው ትለያለች።

«ይኼ ምንድነው?»

«አንዷ አምልጣኝ ነው እማማ።»

«አላመለጠችሽም። እጅሽ የባልሽ እጅ ነው፤ ያልደረሰውን ይቀጥፋል።»

ዲቦራ አረንጓዴዋን ፍሬ ለቅማ ትጥላለች። በልቧ «ትናገር፣ ተናግራ ይውጣላት» ትላለች፤ የሰው መርዝ እንደ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱት የሚጎድል መስሏታል።

ለቀማው አለቀ። «ከማድረቂያው አልጋ ላይ ማን ሊያገላብጥልኝ ነው?» አለች የዓለምዘርፍ። ዲቦራ ቡናውን እስኪደርቅ አገላበጠች፣ ደመና ሲመጣ እየሮጠች ሸፈነች። ደረቀ፤ ተሸጠ። «ምንጣሮውስ?» አለች። ዲቦራ ማጭድ ይዛ ከቡናው ሥር ያለውን አረም ማጨድ ጀመረች። በየመሐሉ አቶ ዓባይነህን ታገኛቸዋለች፤ «ተቃርቧል፣ ተቃርቧል» ይሏታል። ገበያ ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሌላ ሌላ ያወራሉ። «የዓለምዘርፍ ሠራተኛ ቀጠረች፤ ደሞዟም ባሏ ነው» ይሉና ይስቃሉ። ዲቦራ ይህን ሰማች። ቀልዱ ግን እውነትም ደህና ቀልድ ነበርና እሷም ትንሽ ሳቀች፣ ብቻዋን ስትሆን።

ማራናታን የምትይዝላት ጎረቤት ክረምቱ ሲገባ የራሷ ልጅ ዘንድ ቴፒ ሄደች። ዲቦራ የምትተውበት ሰው ስታጣ ማራናታን ይዛት መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን የዓለምዘርፍ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት እማማ።»

«ነይ እስቲ» አለቻት አሮጊቷ እጇን ዘርግታ። ማራናታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዲቦራ ለማንም ስትናገረው ዓይኗ ያበራ ነበር። የዓለምዘርፍ ለልጅቷ የጫጩት ቅርጫት አሳየቻት። በሌላ ቀን ከወንዝ ዳር የለቀመችውን ጠጠር አንድ ላይ ቆጠሩ። በሌላ ቀን ፀጉሯን አበጠረችላት። ልጅቷ በስም ትጠራት ጀመር፤ «እማማ ዓለም» ትላታለች። ዲቦራ አረሟን እያጨደች ከቡናው መካከል የሁለቱን ድምፅ ትሰማለች፣ የአሮጊቷን ሻካራና የልጅቷን ቀጭን። «አምላኬ፣ እኔ በማጭድ ያልቻልኩትን ልጄ በሣቋ ቻለችው» ብላ ታመሰግናለች። የቅርጫቱ ምርመራ፣ የ«እጅሽ የባልሽ እጅ ነው» ነገርም ቀረ። አቶ ዓባይነህ የዕርቁን ቀን ቆረጡ።

ዕርቁ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡ እንደ ገመድ በሚወርድበት አንድ ረፋድ፣ ዲቦራ ከቡናው እየሮጠች ወደ ቤቱ መጣች። ማራናታን ጓዳ ውስጥ፣ በሟቹ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ከሳህሉ ገበታ ቂጣ በማር ስትበላ አገኘቻት። ማሩ በአገጯ ይወርዳል። የዓለምዘርፍ አጠገቧ ቆማ ሌላ እየቆረሰችላት ነው።

ዲቦራ በሩ ላይ ደረቀች።

«ምን ይገትርሻል?» አለች የዓለምዘርፍ በለሰለሰ ድምፅ። «ልጅ እኮ ናት። ልጅ ደም የለባትም።»

ከአፏ ልትነጥቃት እጇ ተነሥቶ ነበር። ደግሞ አሰበች፤ ይህች ሴት በገዛ እጇ ቆርሳ ስታጎርስ፣ የቆረሰችውን ነጥቄ ብጥልባት ምን ትላለች? ይህ ይቅርታ ካልሆነስ ይቅርታ ምንድነው? እጇን መለሰች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ» አለች።

የዓለምዘርፍ ራሷን ነቀነቀች፣ የቀረውን ቂጣም ለልጅቷ ሰጠቻት።

የዕርቁ ቀን ዝናብ ስለነበር ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በቀበሌው በረንዳ ላይ ነው። ዲቦራ በግ አምጥታለች፣ ማር አምጥታለች። ማራናታን አጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሳ በእጇ ይዛታለች። ወረቀቱ ተጽፎ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የጣት ቀለም ብቻ ነው። አቶ ዓባይነህ ስለ ደም፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሟች ዕረፍት ብዙ ተናግረው ሲያበቁ ወደ የዓለምዘርፍ ዞሩ።

«እንግዲህ ቃልሽን እንስማ።»

የዓለምዘርፍ ተነሣች። «ይቅር እላለሁ» አለች።

ከበረንዳው ላይ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ ማሩን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ።

«ሳልጨርስ አትነሡ» አለች። «ልጅቷ ከቤቴ በልታለች። ደም ሳይለይ ከሟች ቤት የበላ ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ነው። አባቶቻችሁ ያውቁታል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰርቃ አልበላችም፤ እናቷ ቆማ እያየች ነው የበላችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላኛለች። ልጅ ወስደውብኛል፣ ልጅ ይስጡኝ። ዛሬ ከእኔ ጋር ትግባ፣ ጣቴን አሁኑኑ አሳርፋለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተሰማ። ዲቦራ መጀመሪያ የሰማችው ነገር ትርጉም አልገባትም። የልጇ እጅ እጇ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ ሌላው ሁሉ ራቃት።

«ይኼ እኮ የዱሮ ነው የዓለምዘርፍ» አሉ አቶ ዓባይነህ። «አያቶቻችን እንኳ ትተውት ነው የሞቱት። ሕግም ይከለክላል።»

«ሕግ?» አለች። «ሕግ አይደል እንዴ ይቅርታሽን አምጪ ብሎ የላከብኝ? ሲፈልግ በሽማግሌ ይለምነኛል፣ ሳይፈልግ በሕግ ይከለክለኛል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ዲቦራ ከጩኸት ይልቅ የፈራችው ይህን ሹክሹክታ ነው፤ ሰው ክፉ ነገር ሊያደርግ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክንያት ይፈልጋል። «ሩቅ አትሄድ፣ ከቤት እስከ ቤት ጥሪ ይሰማል እኮ» አለ አንዱ። «ቡናውስ ኋላ የማን ሊሆን ነው? ለልጅቷ አይደል?» አለ ሌላው። «አሮጊቷ ስንት ዓመት ልትኖር ነው?» አለ ሦስተኛው፣ የዓለምዘርፍ እየሰማችው።

አቶ ዓባይነህ ወደ ዲቦራ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ማሳደግ ነው እኮ። መሸጥ አይደለም። ቲቶ ይፈታል። ሲመጣ ደግሞ እንነጋገራለን።»

እንነጋገራለን። ዲቦራ ይቺን ቃል ዘሯን አወቀቻት፤ የእናያለን እኅት ናት። አቶ ዓባይነህን ትታ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ አውቀው ነው የሰጧት?»

«አውቄ ነው።» የዓለምዘርፍ ዓይኗን አልሰበረችም። «የመጀመሪያ ቀን ከቀሚስሽ ሥር ገብታብኝ ነበር። አስለመድኳት። ዶሮ በምንድነው የሚለምደው? በጥሬ ነው።»

«እኔስ? እኔ ያን ሁሉ ጊዜ…»

«አንቺማ ለቀምሽ። ቡናውን ለቀምሽ እንጂ ሳህሉን መቼ ለቀምሽልኝ?»

ዲቦራ ወረቀቱን አየችው። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ቀለሙ አጠገቡ ተከፍቷል፣ የቲቶ ስም በትልቁ ተጽፏል። ቆላውን አሰበች፣ ጨው የሚለውን ውኃ፣ ከሽቦው ወዲያ የቆመውን የከሳ ሰው። የሚያስፈልገው ዝም ማለቷ ብቻ ነው። ማንም ልጅሽን ስጪ እያለ አያስገድዳትም፤ ዝም ካለች ነገሩ በራሱ ያልቃል።

«ልጄን አልሰጥም» አለች።

«እንግዲያው ባልሽ እዚያው ይቀመጥ» አለች የዓለምዘርፍ፣ ዱላዋንም አነሣች።

«ባሏን በልጇ ሸጠች» አለ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው፤ ማን እንደሆነ ዲቦራ ዞራ አላየችም። ልጅቷን ይዛ ከበረንዳው ስትወርድ የዓለምዘርፍ ከበስተኋላ «ማራናታ» ብላ ጠራች፣ ቀስ ብላ፣ ቂጣ በማር እንዳለ ሁሉ። ልጅቷ ዞረች። ፊቷ በራና እጇን ከእናቷ እጅ ልታስለቅቅ ጎተተች። ዲቦራ እስኪያማት አጥብቃ ያዘቻት፤ ማራናታ እስከ ቤታቸው ድረስ «እማማ ዓለም ጋ» እያለች አለቀሰች። በጉን የመለሰላት የለም። ለሽማግሌ ድካም ነው ተባለ።

በማግሥቱ ሚዛን ወረደች። ሙሐመድኑር በመነጽሩ በላይ አያትና ወንበር ሳበላት።

«ዕርቁስ?»

«የለም። ያለ እሱ ይሂድ።»

«‹የሟች ቤተሰብ ይቅር ለማለት ፈቃደኛ አልሆኑም› ልበል?»

«አትበል፤ ይቅር ብላለች። ዋጋው ነው ያልተስማማን።»

ሙሐመድኑር እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። ሁሉንም ነገረችው፤ ገበታውን፣ ቂጣውን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ያለችውን። ሰውየው ብዙ ሰምቶ የደነዘዘ ጆሮ ነበረው፣ ግን አቋርጦ አልተናገራትም።

«እኅቴ፣ ይኼን የምጽፍበት ቦታ የለውም» አለ በመጨረሻ። «ቅጹ የሚጠይቀው አለ ወይስ የለም ብሎ ነው።»

«እንግዲያው የለም በል።»

የለም ብሎ ጻፈ። አተመው። «ከታች ነው የምትተኛው፣ ነግሬሻለሁ።»

«ትተኛ። ከርሞም አመጣለሁ፣ የከርሞ ከርሞም አመጣለሁ። እስኪሰለቹኝ።»

እሁድ ቲቶ ደወለ። ዲቦራ ስልኩን የምታነሣበትን ድምፅ ስታለማምድ ነበር የሰነበተችው፤ የተለማመደችው ግን ሲደርስ ጠፋባት። እንዲሁ እንደሆነው ነገረችው። ከወዲያ በኩል የሌሎች እስረኞች ድምፅ፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳል ይሰማል። የቲቶ ድምፅ አይሰማም።

«አለህ?»

«አለሁ። አሁን ማን ጋ ናት?»

«እኔ ጋ ናት። እዚሁ አጠገቤ።»

«ለምን?»

ኔትወርኩ ነው ብላ ስልኩን ወደ ሌላ ጆሮዋ አዞረች።

«ለምን አልተውሻትም?» አለ ቲቶ። የተቆጣ አይመስልም። የደከመ፣ የሚያስረዳ ድምፅ ነው። «ስንቴ ነው ያየኋት እኔ? አንዴ። ሴትየዋ አትገድላትም፣ ታበላታለች። እኔ ብወጣ ሌላ እንወልድ ነበር እኮ ዲቦራ። ሌላ እንወልድ ነበር።»

ዲቦራ ማራናታን አየቻት። ልጅቷ ደጁ ላይ በባዶ እግሯ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ጭቃው በጣቶቿ መካከል ብቅ ሲል እያየች ትስቃለች።

«ማመልከቻህ ገብቷል» አለች ዲቦራ። «መስከረም ባይሆን ለሚቀጥለው አስገባለሁ።»

«ያለ ዕርቅ?»

«ያለ ዕርቅ።»

«እንግዲያው አታድክሚኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ይሁን የዘጋው፣ ከኋላው ያለው ተረኛ ይሁን፣ ልታውቅ አልፈለገችም። መልሳ እንዳትደውል ከዚያ ወደዚህ ነው እንጂ ከዚህ ወደዚያ አይደወልም።

«አባባ ነው?» አለች ማራናታ።

«አባባ ነው።»

«ምን አለ?»

ዲቦራ ጭቃ የነካውን የልጅቷን እግር አየች። «ጫማሽን አድርጊ አለ» አለቻት።

ልጅቷ አባቷ ስላዘዛት ደስ ብሏት፣ እየሮጠች ገብታ ጫማዋን አደረገች።